ጠይቁን፦ የተማሪ ማሽን እንዴት ይታረማል?

ሰኔ ሲቃረብ ከጅማና ከአካባቢዋ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ነድፈው የሠሩት ማሽን በምን ይመዘን? ከመምህር፣ ከተማሪ፣ ከቶርኖ ቤትና ከቡና አምራች የመጡትን አሳጥረን አቅርበናል።

«የማሽን ዲዛይን ፕሮጀክት ሳርም የመጀመሪያዬ ነው። ቡድኖቹ 14 ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ሪፖርት 80 ገጽ ይሆናል፤ የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ከገጽ 1 ጀምሬ ሳነብ ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል። ከየት ልጀምር?»
ረዳት መምህር፣ ጅማ

ከገጽ 1 አይጀምሩ። መግቢያው፣ የቀደሙ ሥራዎች ቅኝቱ፣ ቡና ለአገር ያለው ጥቅም፣ እነዚህ ከአንዱ ቡድን ተነሥተው ለሌላው ቢሰጡ ማንም አይነቃም። መጀመሪያ የመገጣጠሚያውን ድሮዊንግ ይክፈቱ። ኃይል ከሚያልፍባቸው ክፍሎች አንዱን፣ ብዙ ጊዜ ዋናውን ዘንግ፣ ይምረጡና ዲያሜትሩን ያንብቡ። ከዚያ ወደ ኋላ ይከተሉት። ቁጥሩ ከየትኛው ስሌት ወጣ? ስሌቱ ውስጥ የገባው ጭነት ከየት መጣ? የተጻፈው ብረት የቱ ነው? ገበያ ላይስ አለ?

በጅማ የተለመደውን ርዕስ፣ የእሸት ቡና መፈልፈያን፣ እንውሰድ። ሞተሩ 0.75 ኪሎዋት ነው፤ አንድ ፈረስ ጉልበት መሆኑ ነው። በደቂቃ 1440 ይዞራል። በመካከለኛ ዘንግ በኩል በሁለት ደረጃ ቀንሶ የከበሮውን ዘንግ በደቂቃ 180 ያዞረዋል። በዘንጉ ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ጉልበት 9550 (ኪሎዋትንና ዙርን ወደ ኒውተን ሜትር የሚያደርሰው ቋሚ ቁጥር) በ0.75 ተባዝቶ ለ180 ሲካፈል 39.8፣ በግርድፉ 40 ኒውተን ሜትር ነው። ፑሌጃው 300 ሚሜ ከሆነ ቺንጋው ዘንጉን የሚያዞርበት ጉልበት 40ን ለ0.15 ሜትር በማካፈል 265 ኒውተን ግድም ይወጣል። ነገር ግን ቺንጋ ተወጥሮ ስለሚሠራ ዘንጉን ወደ ጎን የሚስበው ከዚህ ይበልጣል። ለቪ ቺንጋ በ1.5 ማባዛት የተለመደ ነው፤ ወደ 400 ኒውተን ይደርሳል። ፑሌጃው ከኩሽኔታው (ዘንጉ ከሚዞርበት ቤሪንግ) መሃል 100 ሚሜ ወጣ ብሎ ከተሰካ የማጉበጥ ሞመንቱም 40 ኒውተን ሜትር ይሆናል። (የከበሮውን ክብደትና የቡናውን ግፊት እዚህ ትተናል፤ ተማሪ ግን መተው የለበትም።)

ሥራው መለስተኛ ድንገተኛ ጭነት ስላለበት ማጉበጡን በ2፣ መጠምዘዙን በ1.5 እናባዛ። 80 እና 60 ይሆናሉ፤ የሁለቱ ካሬ ድምር ስኩዌር ሩት 100 ኒውተን ሜትር ነው። አሁን ብረቱ። ተራው ኤስቲ 37 የሚባለው ብረት ይልድ ነጥቡ (ጭነቱ ሲነሣ ወደ ቅርጹ የማይመለስበት ውጥረት) 235፣ የመበጠሻ ጥንካሬው 360 ሜጋፓስካል ነው። የቀድሞው የአስሜ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ደንብ ከይልዱ 30 በመቶ ወይም ከመበጠሻው 18 በመቶ፣ ያነሰውን ውሰድ ይላል፤ 64.8 ይሆናል። ዘንጉ ላይ የኪይ (ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚያዞረው ቁራጭ ብረት) ቦይ ስለሚቆፈር 25 በመቶ ይቀነስና 48.6 ይቀራል። በዚህ ሲሰላ የሚያስፈልገው ዲያሜትር 21.9 ሚሜ ነው፤ ኩሽኔታ የሚገኝለት ቀጣዩ ልክ 25 ነው።

ይህንን ስሌት ከእርማቱ በፊት በአንድ ወረቀት ሠርተው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ስህተቶቹ ራሳቸው እየመጡ ይታዩዎታል። ማጉበጡን የረሳ ቡድን 18.5 ሚሜ ያገኛል፤ ከዚያ «ለጥንቃቄ» ብሎ 25 ይጽፋል። መልሱ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን ባዶ ነው። ለ25 ብቻ ነጥብ አይስጡ። ሌላው ቡድን ከመጽሐፍ ሰንጠረዥ 1045 ብረትን ይመርጣል፤ ይልዱ 310፣ መበጠሻው 565 ነው። በዚህ 19.4 ሚሜ ያገኝና 20 ሚሜ ዘንግ ይነድፋል። ከዚያ ብረታ ብረት መሸጫ ሄዶ ስሙ የማይታወቅ ክብ ብረት ይገዛል። ያ ብረት ተራ ከሆነ 20 ሚሜው የሚሸከመው ውጥረት 63.7 ሜጋፓስካል ነው፤ ከሚፈቀደው በ31 በመቶ ይበልጣል። ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ነገር ይሰምራል፤ ማሽኑ ላይ ግን ሌላ ብረት አለ። እኛ ከሁሉም ስህተት ይህንን እናከብደዋለን፤ ወረቀት ብቻ የሚያነብ ፈታኝ ፈጽሞ አያገኘውምና።

ስለ ነጥብ አሰጣጥ፦ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ካልኩሌተር ላይ ለተሳሳተ ተማሪ 1 ወይም 2 ነጥብ መቀነስ ይበቃል። ስሌቱ 25 ብሎ ድሮዊንጉ 30 ካለ፣ የተሠራው ደግሞ 28 ከሆነ፣ ከስሌቱም ከድሮዊንጉም ይቀንሱ። ከ100 ሲታሰብ ለችግሩና ለመስፈርቱ 10፣ ለአማራጮችና ለምርጫው 15፣ ለስሌት 25፣ ለድሮዊንግ 20፣ ለተሠራው ማሽንና ለሙከራው 20፣ ለዲፌንስ (ሥራውን በፈታኞች ፊት ለማስረዳት) 10 ብናደርግ ሚዛን ይጠብቃል። ይህ ክፍፍል ለተማሪዎቹ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ካልተነገራቸው ግን መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ ነው ትርፉ።

አማራጮችን የሚያወዳድሩበት ሠንጠረዥ ሁልጊዜ የወደዱትን ሐሳብ አንደኛ ያወጣል። የአንዱን መስፈርት ክብደት፣ ለምሳሌ የዋጋን ከ20 ወደ 30፣ ከፍ አድርገው ያስሉት። አሸናፊው ከተቀየረ ቡድኑ ስለዚያ መስፈርት ምን እንደሚያውቅ ይጠየቅ።

«በዲፌንሳችን ዕለት የቡና መፈልፈያችን አልሠራም። ወቅቱ ሰኔ ስለነበር እሸት አጣን፤ ጀንፈል ገዝተን ውኃ ውስጥ አሳድረን አስገባን። ግማሹ ሳይላጥ ወጣ፣ ግማሹ ተፈጨ። ማሽኑን ውጪ ወርክሾፕ አሠርቶ ያመጣ ቡድን ግን ከፍተኛ ነጥብ አገኘ። ፍርድ ነው?»
የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች

ጀንፈሉ ላይ ማሽናችሁ ጥፋት የለበትም። እሸት ቡና የሚላጠው በከበሮውና በመጋፊያው መካከል ሲጨመቅ ከልጣጩ ሥር ያለው ዝልግልግ ፍሬውን ስለሚያሾልከው ነው። ጀንፈል ውስጥ ያ ዝልግልግ ደርቋል፣ ልጣጩም ከውስጥ ቅርፊቱ ጋር ተጣብቋል። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ቢያድር ልጣጩ ይርሳል እንጂ አያዳልጥም። ስለዚህ ያ ሙከራ ስለ ዲዛይናችሁ ምንም አይናገርም፤ በበጎም በክፉም።

ጥፋታችሁ ሌላ ነው፤ የሥራ ዕቅዳችሁ። በጅማ ዙሪያ ዋናው የእሸት ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህን ርዕስ የያዘ ቡድን ከበሮውንና መጋፊያውን ቢያንስ በእንጨት ፍሬም ላይ አድርጎ በኅዳር መሞከር ነበረበት። ርዕሱን ያጸደቀው አማካሪም ይህንን ሊያስብበት ይገባ ነበር። በሰኔ መፈተን ግድ ከሆነ እንደ በቆሎ መፈልፈያ ያለ፣ ጥሬ ዕቃው ከጎተራ የሚገኝ ርዕስ ይሻላል።

አልሠራም የተባለ ማሽን ከሙከራና ከማሽን 20 ነጥብ ውስጥ ሊያጣ የሚገባው ከፊሉን እንጂ ሁሉን አይደለም። ምን እንደገባ፣ ክፍተቱ ስንት ሚሜ እንደነበር፣ ምን እንደወጣና ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ብትጽፉ ኖሮ 12 እና 13 ማግኘት ትችሉ ነበር። ይግባኝ ካላችሁ ይህንኑ ገጽ አያይዙ።

ውጪ ስላሠራው ቡድን፦ ተማሪ ቶርኖ ላይ ቆሞ መቅረጽ አይጠበቅበትም፤ ማሠራት ነውር የለውም። የሚጠየቀው የተሠራው በማን ድሮዊንግ ነው የሚለው ነው። ፈታኙ የቶርኖ ባለሙያው የያዘውን ወረቀት ይዘው እንዲመጡ ቢያዝዝ ይለያል። ግራሶ የነካው፣ በእስክሪብቶ ልኩ የተሰረዘና የተስተካከለ ወረቀት ካለ ዲዛይኑ የእነሱ ነው። ባለሙያው «ወረቀት አላመጡልኝም፣ በቃል ነው ያዘዙኝ» ካለ ግን ነጥቡ የባለሙያው ነው።

«ሁሉም ቡድን ሶሊድወርክስ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተሠራ ባለ ቀለም የውጥረት ሥዕል ያቀርባል። አንዱ ሴፍቲ ፋክተራችን 15 ነው ብሎ ተኩራራ። እንዴት ልየው?»
መምህር

ሴፍቲ ፋክተር ብረቱ ከሚደርስበት ውጥረት ስንት እጥፍ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው፤ 15 የሚያኮራ አይደለም። ብረቱ ያለ ሥራ ከብዷል፤ ወይም ጭነቱ ተረስቷል፤ ወይም የተመረጠው ብረት ሌላ ነው። መጀመሪያ ሦስተኛውን ይፈትሹ። በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ «አሎይ ስቲል» የሚባለው ይልዱ 620 ሜጋፓስካል ነው፤ ብዙ ተማሪ ሳያጣራ ይጫነዋል። ፍሬሙ የሚበየደው ከገበያ በተገዛ ቱቦላሬ ከሆነ በ235 ይተካና ይታይ፤ 15ቱ ወዲያው ወደ 5.7 ይወርዳል።

ቀጥሎ የት እንደታሰረ ይጠይቁ። አራቱን እግሮች ሙሉ በሙሉ «ፊክስድ» ያደረገ ተማሪ መሬት ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ማሽንን ኮንክሪት ውስጥ ቀብሮታል። ሹል የውስጥ ማዕዘን ላይ የሚታየው ቀይ ነጥብ ደግሞ ሜሹ (ፕሮግራሙ ዕቃውን ለስሌት የሚከፋፍልበት መረብ) በደቀቀ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይረጋም፤ ያንን ቁጥር «ከፍተኛ ውጥረት» ብሎ የጻፈ ሜሹን ቀይሮ አልሞከረም ማለት ነው። የታጠፈው ሥዕልም ዓይን እንዲያየው ተጋንኖ የተሣለ ነው። ለዚህ ሁሉ የምንፈልገው አንድ መስመር ነው፤ በእጅ የተሰላው ይህን ያህል፣ በፕሮግራሙ ይህን ያህል፣ ልዩነቱ በዚህ ምክንያት። ያ መስመር የሌለው ሥዕል ለሽፋን ያምራል።

«ሪፖርቱን ኤአይ ጽፎላቸው እንደሆነ በምን እንለያለን?»
የውጭ ፈታኝ

ማን እንደጻፈው ማሳደዱን ይተዉትና አንድ ቁጥር ይቀይሩባቸው። «ገበሬው ሞተሩን በ2 ፈረስ ጉልበት ቢቀይረው መጀመሪያ ምን ይሆናል?» ይበሉ። የገባው ተማሪ ከቺንጋው ይጀምራል፤ ይንሸራተታል፣ ከተወጠረ ወይም ሁለት ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ወደ ዘንጉ ያልፋል ይላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ 100 የነበረው 200 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ዘንጉ 27.6 ሚሜ ይፈልጋል፤ 30 ይገባል፤ ኩሽኔታው ከ205 ወደ 206 ያድጋል። ቁጥሮቹን በቃሉ ባያውቅ ችግር የለም፤ ቅደም ተከተሉን ካወቀ ሥራው የሱ ነው። ዲያሜትሩ በእጥፍ ያድጋል የሚል ካጋጠመዎት ግን ውጥረት በዲያሜትር ኪዩብ ልክ እንደሚቀንስ አልገባውም።

«አምስት ሆነን የሠሩት ሁለት ናቸው። የሁላችንም ውጤት አንድ ነው። መፍትሔ አለው?»
ተማሪ

አለው። እያንዳንዱ አባል ለሌሎቹ ከ5 ነጥብ በምስጢር ይስጥ። የአንድ ተማሪ አማካይ ለቡድኑ አማካይ ይካፈልና የቡድኑ ውጤት በዚያ ይባዛ፤ ከ0.8 እንዳያንስ ከ1.1 እንዳይበልጥ ይገደብ። ቡድኑ 78 ካገኘ፣ የቡድኑ አማካይ 4.0 ሆኖ አንዱ 3.2 ቢሰጠው 62.4 ያገኛል፤ 4.4 የተሰጠው 85.8። «ሁላችንም 5 እንሰጣጥ» ብሎ መማማል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ ብቻውን አይታመንም። በዲፌንስ ዕለት ስለ ዘንጉ ስሌት የሠራውን ሳይሆን ፍሬሙን የሠራውን መጠየቅ ማሕላውን ያፈርሰዋል። በየሳምንቱ አማካሪው የሚፈርምበት ደብተርም ይረዳል፤ በዲፌንስ ዋዜማ ሌሊት በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ግን ከርቀት ይለያል።

«ቶርኖና ፍሬዛ ላይ እሠራለሁ። ተማሪዎች የሚያመጡት ድሮዊንግ አይሠራም። ስነግራቸው ‹አማካሪያችን ፈርሞበታል› ይላሉ። የእኔ ቃል በውጤታቸው ላይ መኖር የለበትም?»
የወርክሾፕ ባለሙያ፣ ጅማ

መኖር አለበት። ከድሮዊንጉ 20 ነጥብ ውስጥ 5ቱን በእርስዎ ፊርማ ብናደርገው አይበዛም። «በዚህ ወረቀት ሳልጠይቅ መሥራት ቻልኩ ወይስ አልቻልኩም» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ይኸው ነው። ሁሉም ልክ ላይ አንድ ዓይነት ቶለራንስ (የሚፈቀድ የልክ ልዩነት) ይጻፋል፤ ወይም ጭራሽ አይጻፍም። የ6205 ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ 25 ኬ6 (ኬ6 የቶለራንስ ደረጃ ነው) ከሆነ ዘንጉ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሜ መሆን አለበት፤ ይህ የሚለካው በማይክሮሜትር እንጂ በተራ ካሊፐር አይደለም። የዚያው ዘንግ ነጻ ጫፍ ላይ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ቢያልፍ ማንም አይጎዳም። ሁለቱን እኩል ያደረገ ተማሪ ዋጋውን በእርስዎ ሰዓት ይከፍላል።

ከዚህ የሚብሰው በዩሲፒ 205 ባለ እግር ኩሽኔታ ላይ ኬ6 መጻፉ ነው። ይህ ኩሽኔታ በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ገብቶ በጠባቂ ብሎን የሚታሰር ነው፤ ዘንጉ ከ25 በታች ጥቂት ማይክሮን መሆን ይፈልጋል። ኬ6 ተብሎ ከተቀረጸ አይገባም፤ በመዶሻ ይገባል፤ የውስጥ ቀለበቱ ይጎዳል፤ ከዚያ «ኩሽኔታው ቻይና ስለሆነ ተበላ» ይባላል።

የዘንጉ ደረጃ ጥግም ሁለት ዓይነት ስህተት አለው። ጨርሶ ሹል ከሆነ ውጥረት እዚያ ይከማቻል፤ የሚዞር ዘንግ በጊዜ ብዛት የሚሰነጠቀው ከዚያ ነው። ሹል አይሁን ብሎ 2 ሚሜ ራዲየስ የጻፈ ደግሞ ኩሽኔታው ደረጃው ላይ እንዳይቀመጥ አድርጓል፤ የ6205 ጥግ የሚፈቅደው 1 ሚሜ ነው፤ የዘንጉ ከዚያ ማነስ አለበት። የኪይ ቦይን በተመለከተ፣ ለ25 ሚሜ ዘንግ ኪዩ 8 በ7 ሲሆን በዘንጉ 4 ሚሜ ይቆፈራል። 3.5 ብሎ ኪዩን ለሁለት ያካፈለ ተማሪ ሰንጠረዡን አልከፈተም።

«ተማሪዎች የሠሩትን መፈልፈያ እኔ ጋ ሊሞክሩት ነው፤ አስተያየትዎን በጽሑፍ ይስጡን ብለውኛል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ምኑን ልይ?»
ቡና አምራች፣ ጎማ ወረዳ

ጌታዬ፣ ከፈታኙ ይልቅ እርስዎ ይሻላሉ፤ ቡናውን ያውቁታል። ያን ዕለት የተለቀመ እሸት በሚዛን 20 ኪሎ ሁለት ጊዜ ያስገቡ። አንዱን ጊዜ የተመረጠ ቀይ፣ አንዱን ጊዜ ለቃሚ እንዳመጣው፣ ጥሬውም የደረቀውም ተቀላቅሎ። ተማሪዎች የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰዓት ይያዙ፤ 20 ኪሎ በ4 ደቂቃ ካለቀ በሰዓት 300 ኪሎ ነው። ሪፖርታቸው ላይ 500 ካለ ይጻፉት።

ከሚወጣው ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ቀላቅለው 200 ፍሬ ይቁጠሩ። የተቆረጠ ወይም ቅርፊቱ የተላጠ ስንት ነው? ሳይላጥ የወጣስ? የተጎዳው ከ4 ፍሬ ከበለጠ ክፍተቱ ይስፋና እንደገና ይሞከር፤ የተቆረጠ ፍሬ ሲብላላ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። የልጣጩን ክምርም በእጅዎ ይበትኑት፤ ፍሬ እዚያ ውስጥ እየሄደ ከሆነ ኪሳራው የእርስዎ ነው። ክፍተቱን ለማስተካከል ስንት ብሎን መፍታት እንደሚያስፈልግ ይዩ። ማሽኑን ገልብጠው በሁለት መፍቻ ካልሆነ የማይስተካከል ከሆነ በለቀማ ወቅት ማንም አይነካውም።

መብራቱ ማታ ማታ የሚወርድበት መንደር ከሆነ በዚያ ሰዓት ያስነሡት። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል፤ ቀን የሚሠራ ማሽን ማታ ቡና ጎርሶ ሊቆም ይችላል። በቤንዚን ሞተር ካመጡት ደግሞ ከፍታው ያዳክመዋል፤ ከባሕር ወለል በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ 1700 ሜትር ላይ ወደ 17 በመቶ ይጎድለዋል። ይህን አስበውበት እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ፑሌጃውና ቺንጋው በላሜራ ካልተሸፈኑ ግን ሙከራውን አይጀምሩት። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ዙሪያውን በሚቆምበት ግቢ ያልተሸፈነ ቺንጋ አይነሣም፤ ሸፍነው እንዲመለሱ ይንገሯቸውና ቀን ይቀይሩ።